የጃታቬዳን አንገት

ጃታቬዳን ከስኩተሩ የወደቀው ከጃክፍሩት ሲሸሽ ነው። ግልገል በግ የሚያህለው ፍሬ ከጎረቤት ዛፍ ተበጥሶ ቁልቁለቱን ይንከባለል ነበር። ሰውየው ወደ ግራ ሲል ፍሬውም ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ሲል ፍሬውም ወደ ቀኝ። በመጨረሻ ፍሬው መንገዱን ይዞ ቀጠለ፤ ጃታቬዳን ቦይ ውስጥ ገባ።

ዶክተር ራዚያ የራጁን ፎቶ ወደ መብራቱ አንስታ አየችና ከአገጩ እስከ ትከሻው የሚደርስ ነጭ የአንገት ድጋፍ አጠለቀችለት።

«ዝናቡ በደንብ እስኪገባ አይፈቱትም» አለችው። «ማዞር የለም፣ ማጎንበስ የለም፣ መነቅነቅ የለም።»

«ትንሽ መነቅነቅስ?»

«አሁን ምን አልኩ?»

«እንግዲያው አፌንም አብረሽ ዝጊልኝና ልሂድ።»

ዶክተሯ ቀልድ መስሏት ሳቀች። በዚያ ክረምት መግቢያ ጃታቬዳን በቬሊካቫ ቤተ መቅደስ ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ ቬዳን፣ የሂንዱዎችን ጥንታዊ ቅዱስ መዝሙር፣ በቃሉ ሊደግም ስሙን ሰጥቷል። ሦስተኛው ነው። አራተኛ የሚባል የለም።

በኒላ ወንዝ ግራና ቀኝ ሁለት የቬዳ ትምህርት ቤቶች አሉ፤ ላይ ዳርና ታች ዳር ይባላሉ። ዝናቡ ሲጀምር ቬሊካቫ ላይ ይገናኙና አንዱ የሌላውን ሰው ይፈትናል። የታች ዳሩ ሰው ምንጣፍ ላይ ይቀመጣል፤ የላይ ዳሩ ጠሪ ከሪግ ቬዳ መዝሙሮች የፈለገውን ቦታ ይጠራለታል፤ ተቀማጩ ከተጠራበት ይጀምራል። ቀጥታ ማለት ለሕፃናት ነው። እዚያ ቃሉ ከጎረቤቱ ጋር ወደ ፊት ይባላል፣ ተገልብጦ ወደ ኋላ ይባላል፣ ተመልሶ ወደ ፊት ይባላል፣ ከዚያ ቀጣዩን ጎረቤት ይይዛል። ቀላሉ አካሄድ ጉንጉን ይባላል። ከባዱ ሠረገላ ነው። ሠረገላን የወጣ ሰው እስኪሞት ድረስ በድግስ ላይ ከሽማግሌዎች መስመር ይቀመጣል። የተሳሳተ ከምንጣፉ ይነሣል። ሦስቴ የተነሣ ከዚያ ወዲያ ሰሚ እንጂ ደጋሚ አይሆንም።

ጃታቬዳን ሁለቴ ተነሥቷል። በመጀመሪያው፣ ገና ጎረምሳ ሳለ፣ ከጣሪያው እንሽላሊት ወድቃ አንድ እንቅልፋም ሽማግሌ ራስ ላይ ስታርፍ አየና በግማሽ ቃል ሳቀ። ሁለተኛው አላሳቀውም። ለእሳት የሚዘመር አንድ መዝሙር ለንጋት ከሚዘመር ሌላ መዝሙር ጋር የሚመሳሰልበት ጠባብ ቦታ አለ። እዚያ ሲደርስ ሳያውቀው ወደ ንጋቱ ተሻገረና ብዙ መንገድ ከሄደ በኋላ ነው ሁሉም ዝም ብለው እንደሚያዩት የገባው።

ቬዳውን የተማረው ከየኔታ ኩቤራን ነው። የኔታ መጽሐፍ አያወጡም። ልጁን ፊት ለፊት ያስቀምጡና አናቱን በመዳፋቸው ይጨብጣሉ። ድምፁ ዝቅ ሲል ጭንቅላቱን ወደ ታች ይጫኑታል፤ ከፍ ሲል ቀና ያደርጉታል፤ ሲታጠፍ ወደ ቀኝ ያዘነብሉታል። ቃሉ በጆሮ ይገባል፣ ዜማው በአንገት። አንድ ጠዋት ጃታቬዳን አናቱን በኮኮናት ዘይት አጥለቅልቆ መጣ። የየኔታ እጅ ተንሸራተተና አፍንጫቸው ከልጁ ግንባር ተላተመ።

«ጎበዝ» አሉ የኔታ አፍንጫቸውን ይዘው። «ዘይት የማይቀባ ቦታ አውቃለሁ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ በጆሮው ይዘው አስተማሩት። አሁንም ቢሆን የጃታቬዳን ቀኝ ጆሮ ከግራው ትንሽ ይረዝማል። እሱ ግን ሲወለድም እንደዚያ ነበር ይላል።

ኑሮው ፉፋል የሚባለው የሚታኘክ ፍሬና ቁንዶ በርበሬ የሚበቅሉበት ጓሮ ነው። አዲስ ቤት ሲመረቅ ጠርተው ያስደግሙታል። ሰፈሩ በድግሙ ርዝመት ወጥ ቤቱን ያውቃል፤ ከጓዳ ጥሩ ሽታ ከመጣ ጃታቬዳን ይፈጥናል፣ የመጣው የጎመን ሽታ ብቻ ከሆነ ለአማልክቱ ሁሉ በየተራ ጊዜ ይሰጣል። ሚስቱ ናንጌማ የላይ ዳር ልጅ ናት። ከእሷ ጋር ወንድሟን ባቫዳሳንንም አገባ ማለት ይቻላል።

ባቫዳሳን ጃንጥላ ሻጭ ነው። ጢሙ ሳያድግ ሠረገላን ወጥቷል። በድግስ ሁሉ ከሽማግሌዎች ጋር ይቀመጣል፤ ለእነሱ ሳምባር የሚባለው የክክ ወጥ ከነአትክልቱ ይወርዳል። የመስመሩ ጫፍ፣ ጃታቬዳን ጋ፣ ሲደርስ ውሃው ብቻ ይቀራል።

«አሊያ!» ይጮኻል ባቫዳሳን ከላይ፤ የእህት ባልና የሚስት ወንድም እንደዚያ ነው የሚጠራሩት። «እዚያ ሰፈር ድንች ደረሰ?»

«ሰላምታህ ደርሷል፣ አሊያ። ድንቹ መንገድ ላይ ነው።»

ሳቁ ሲያልቅ ባቫዳሳን አንድ ጫማውን ያጣል። ጫማው ቤተ መቅደሱ በር ላይ ካለው ማንጎ ዛፍ ላይ ተሰቅሎ ይገኛል። ይህ ዓመታት የቆየ ነው። ማን እንደሰቀለው ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ የተጠየቀ ሁሉ ዝንጀሮ ነው ይላል።

አሁን ይኸው ባቫዳሳን ጃታቬዳንን ሊጠይቅ ሙዝ ይዞ መጣ። በረንዳው ላይ ቆሞ የአንገቱን ድጋፍ ከፊትም ከጎንም አየ።

«እንኳን ደስ አለህ፣ አሊያ» አለ። «በሕይወትህ ቀጥ ብለህ ሳይህ ገና ዛሬ ነው።»

«ሙዙን አስቀምጥና ሂድ።»

«ዘንድሮ ጠሪው እኔ ነኝ። ነገሩህ?»

ጃታቬዳን አልተነገረውም። ዞር ብሎ ሚስቱን ሊያያት ፈለገና አንገቱ አስታወሰው፤ ከነወገቡ ዞረ። ናንጌማ የሙዙን ልጣጭ መመርመር ጀመረች።

«ስምህን የሰጠኸው አንተ ነህ» አለ ባቫዳሳን። «ስም ሰጥቶ መቅረት እንደ መነሣት ይቆጠራል። ደንቡን እኔ አላወጣሁትም። ወይ ትመጣለህ፣ ወይ ሙሉ ዕድሜህን መረቅ ትጠጣለህ።»

እሱ ከሄደ በኋላ ጃታቬዳን ምንጣፍ አንጥፎ ተቀመጠ። በልጅነቱ የያዘውን፣ ከእንቅልፉ ቢቀሰቅሱት የሚለውን መዝሙር ጀመረ። ሁለተኛው ቃል ላይ ድምፁ ዝቅ ማለት ነበረበት። አንገቱ ሊወርድ ሲል ድጋፉ ያዘው። ሦስተኛው ቃል አልመጣም። ደግሞ ጀመረ፤ ደግሞ እዚያው ቆመ። ቃላቱ አልጠፉም፤ በሩ ላይ ተሰልፈው የሚከፍትላቸው አጡ።

«ምነው፣ ምን ሆንክ?» አለች ናንጌማ ከጓዳ።

«አንገቴ አላስገባ አለኝ።»

«ምን?»

«ጭልፋ ይዘሽ ነይ።»

ናንጌማ ፊቱ ተቀምጣ ጭልፋውን ወደ ታች፣ ወደ ላይ፣ ወደ ቀኝ እያደረገች መራችው። መጀመሪያ ላይ ሰመረ። ከዚያ ዝንብ መጣባት። ጭልፋዋን ሁለቴ ወደ ግራ ስታወናጭፍ ጃታቬዳን በቬዳ ውስጥ የሌለ ድምፅ አወጣ፤ የጎረቤት ውሻ መለሰለት።

«ግራ የለም!» ብሎ ጮኸ። «ከተፈጠርን ጀምሮ ግራ የሚባል የለም!»

«ዝንቧ ግራ ነበረች፣ እኔ ምን ላድርግ? ደግሞስ ቤተ መቅደሱ ውስጥ ጭልፋ ይዤ ፊትህ ልቀመጥልህ ነው?»

እውነቷን ነው። ጭልፋው ወደ ጓዳ ተመለሰ። ጃታቬዳን ሌላ የሚንቀሳቀስ አካል ፈለገ። እጅ አይሆንም፤ ሲደግሙ ጣቶቹ የቃል መጨረሻ ማሳያ ሥራ አላቸው። ቅንድብ ሞከረ፤ ወደ ቀኝ የሚያዘነብል ቅንድብ አልተሰጠውም። በመጨረሻ የቀኝ እግሩን አውራ ጣት አገኘ። ታች፣ ላይ፣ ቀኝ። ሁሉንም ትችላለች። ሽርጡ ይሸፍናታል። ስለ እግር ጣት የሚናገር ደንብ የለም፤ ማንም አስቦት አያውቅምና።

ቀኑ እስኪደርስ ድረስ ያለ እረፍት ጣቱን አስተማረ። ሲበላ ጣቱ ትደግማለች፤ ጎረቤት ሲያነጋግረው ትደግማለች። ናንጌማ አልጋ ላይ ሆና፣ «ይቺን ጣት አንድ ቀን በሙቀጫ እወቅጣታለሁ» አለች። ሆኖም ቃላቱ መምጣት ጀመሩ። ሠረገላውም እየተንገጫገጨ ተነሣ።

የፈተናው ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናብ ጥሎ አባርቷል። የቤተ መቅደሱ ኩሬ ሞልቶ እንቁራሪቶቹ ይንጫጫሉ። ጃታቬዳን ድጋፉን እንዳያርስ በሚስቱ የሻወር ላስቲክ ጠቅልሎ ኩሬው ውስጥ ታጠበ፤ የታች ዳር ሰዎች እንዳላዩ ሆኑ። ከዚያ ሽርጡን አስተካክሎ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ።

አቀማመጡ የቆየ ነው። ወዳጅ ምልክት እንዳይሰጥ ሰሚዎች ሁሉ በደጋሚው ጎንና ጀርባ ይሆናሉ። ከፊቱ የሚቀመጠው ጠሪው ብቻ ነው፤ ባላጋራ ምልክት አይሰጥምና። ስህተት የሰማ ጠሪ እጁን ያነሣል። ያን ጊዜ ትክክለኛውን ራሱ ማለት አለበት፤ ካልቻለ ወይም ስህተት ካልነበረ ሐሰተኛ ከሳሽ ሆኖ የሚነሣው እሱ ነው። ፈራጁ የላይ ዳርም የታች ዳርም ያልሆኑት አዛውንት አግኒሻርማን ናቸው። አጭር ናቸው፤ ድምፃቸውም አጭር ነው።

«ጥራ» አሉ አግኒሻርማን።

ባቫዳሳን ጉሮሮውን ጠረገ። የጠራው ከእንቁራሪቶቹ መዝሙር ሦስት መስመር ነው፤ በሠረገላ። ዝናብ ሲመጣ የሚንጫጩ እንቁራሪቶችን ቬዳ ከሚደግሙ የብራህሚን ካህናት ጋር የሚያመሳስል መዝሙር አለ። ከጀርባ ሳቅ ተሰማ። ጃታቬዳን በዚያ ነጭ ድጋፍ ላይ ጉንጩ ተነፍቶ ምን እንደሚመስል ያውቃል።

«አሊያ፣ ለአንገትህ የሚስማማ መረጥኩልህ» አለ ባቫዳሳን ቀስ ብሎ።

«ዝም በል፤ ጠሪ ከጠራ በኋላ አያወራም» አሉ አግኒሻርማን።

ጃታቬዳን ጀመረ። ጣቲቱ ሽርጡ ሥር ሥራዋን ያዘች። ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ፊት። ኩሬው ውስጥ ያሉትም አላቋረጡም። የመጀመሪያው መስመር ተጠናቀቀ። ሁለተኛው ተጠናቀቀ። መቅደሱ ውስጥ የነበረው ሳቅ ሞተ፤ ደህና ምልክት ነው።

ከዚያ እግሩ ደነዘዘ።

ቤቱ በረንዳ ላይ እየተነሣና እየተቀመጠ ነበር የሚለማመደው፤ እዚህ ግን ታጥፎ ቆየ። ጣቱን ታች ሲላት የለችም። ላይ ሲላት የለችም። አፉ ከያዘው ቃል ወደ ቀጣዩ አልሻገር አለ። ያንኑ ቃል አስረዘመው። ጥቂት ማስረዘም ይፈቀዳል፤ እሱ ግን ከሚፈቀደው አለፈ። ባቫዳሳን ወደ ፊት ጠጋ ብሎ እጁን ከጉልበቱ ላይ ማንሣት ሲጀምር ጃታቬዳን ተስፋ ቆርጦ ፊቱን አየው።

የባቫዳሳን ጭንቅላት ወደ ታች ወረደ።

ትንሽ ነው የወረደው፤ ዶሮ ጥሬ ስታይ ያህል። ግን ወረደ። ጃታቬዳን ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ቀጣዩ ቃል ከተፍ አለ። የባቫዳሳን አገጭ ቀና አለ፤ የጃታቬዳንም ድምፅ ቀና። ወደ ቀኝ አዘነበለ፤ ድምፁም ታጠፈ። ሰውየው ስህተቱን ለመያዝ በሆዱ አብሮ ይደግማል፤ አብሮ የሚደግም ደግሞ አብሮ ይነቀንቃል። በልጅነቱ እሱንም አናቱን ጨብጠው ነው ያስተማሩት። እጁ ተመልሶ ጉልበቱ ላይ ዐረፈ። ጃታቬዳን ዓይኑን ከባላጋራው አናት ሳይነቅል እንደ ባቡር ነጐደ።

ባቫዳሳን የገባው ሦስተኛው መስመር መሐል ላይ ነው። መጀመሪያ የጃታቬዳን ዓይን የት እንዳለ አየ። ከዚያ የገዛ አገጩ ሲወርድ ተሰማው። ፊቱ ቀላ። አንገቱን አደነደነና እንደ ምሰሶ ተገተረ።

ጃታቬዳን እንደገና ቃል ያስረዝም ጀመር። ባቫዳሳን ግን እሱም ጠፋው። አንገቱ ከቆመ በሆዱ የሚደግመውም ቆመ፤ የሚሰማው ትክክል ይሁን ስህተት የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። ከነቀነቀ ይመራዋል፤ ካልነቀነቀ ይስታል። ላብ ግንባሩ ላይ ወጣ። ጃታቬዳን ማስረዘሚያው አልቆበት ቃሉን በግምት ወረወረው። ባቫዳሳንም በግምት እጁን አነሣ።

ድግሙ ቆመ። እንቁራሪቶቹ ብቻ ቀጠሉ።

«ትክክለኛውን በል» አሉ አግኒሻርማን።

ባቫዳሳን ተነሥቶ በአንገቱ ሙሉ ኃይል እየነቀነቀ አለው። ከጃታቬዳን ያልተለየ ሆነ። ቃልም፣ ዜማም፣ ምንም አልተለየም። የታች ዳር ሰዎች ከጀርባ ጭናቸውን መቱ።

«ሐሰተኛ ከሳሽ» አሉ አዛውንቱ። «ውጣ። ቀሪውን ያለ ጠሪ ይወጣዋል።»

ከታች ዳር ደስታ የተሰማ ጊዜ ጃታቬዳን ቀዝቃዛ ውሃ የፈሰሰበት ያህል ክው አለ። ከፊቱ ባዶ ግድግዳ ሊቀርለት ነው። ግድግዳ አይነቀንቅም።

«አባቴ!» አለ። ደጋሚ በመሐል ሲናገር ያልተለመደ ነው። «ይቅር ይበሉት። ሰው ነው፣ ይሳሳታል። የሚስቴ ወንድም ነው፤ ፊቴ ይቀመጥልኝ።»

ሰዎቹ ተገረሙ። አንድ የላይ ዳር ሽማግሌ ዓይኑን በሽርጡ ጫፍ ጠረገ። «እንዲህ ያለ ልብ!» አለ። ባቫዳሳን ብቻ በሩ ላይ ቆሞ ጥርሱን ነከሰ።

«ይቅርታህን አልፈልግም» አለ።

«ተቀመጥ» አሉ አግኒሻርማን። «እንዲህ ያለ ሰው አታገኝም። ተቀመጥና በደንብ ስማ።»

ተቀመጠ። ጃታቬዳን ከመጨረሻው መስመር የቀረውን ቀጠለ፤ ዓይኑን ተከለ። ባቫዳሳን ፈገግ አለ። ጃታቬዳን ያንን ፈገግታ ከድግሶች ያውቀዋል፤ አልወደደውም። ድምፁ ዝቅ በሚልበት ቦታ የባቫዳሳን ጭንቅላት ሆን ተብሎ፣ ቀስ ብሎ፣ ወደ ላይ ወጣ።

ጃታቬዳን ወደ ላይ ሊከተለው ነበር። ግን እዚያ ላይ ወደ ላይ ማለት የበሰለ ሩዝ ውስጥ ጠጠር መንከስ ነው፤ መላ አካሉ እንቢ አለ። ሳያስበው አንገቱ ድጋፉን ገፍቶ ወደ ታች ወረደ። ሕመሙ እስከ ወገቡ ወርዶ ተመለሰ። ቃሉም መጣ። ባቫዳሳን ታች ሲያሳየው የጃታቬዳን አንገት ወደ ላይ ሄደ፤ ግራ ሲያሳየው፣ ያ የሌለው ግራ፣ አንገቱ በንዴት ቀኝ ሄደ። ድጋፉ ሲጢጥ አለ። እንባው እየወረደ፣ ድምፁ እየሰፋ፣ ያንን መስመር ወደ ፊትም ወደ ኋላም ጎትቶ ጨረሰው። ባቫዳሳን ደግሞ እየገለበጠ ለመነቅነቅ ሲታገል ራሱ የት እንደደረሰ ጠፍቶት አፉን ከፍቶ ቀረ።

«ስህተት ሰምተሃል?» ብለው ጠየቁ አግኒሻርማን።

ባቫዳሳን ሊዋሽ ይችል ነበር። ግን ደግመህ በል ቢባል የሚለው አልነበረውም።

«ከአንገቱ በቀር ደህና ነው» አለ።

«ሠረገላው ወጥቷል።»

የታች ዳር ሰዎች ጃታቬዳንን ደግፈው አስነሡት፤ እግሩ ገና እንቅልፍ ላይ ነበር። ሠረገላን የወጣ ሰው ለሽማግሌዎች ሁሉ ጎንበስ ብሎ እግር ይነካል፤ በመጨረሻም የጠራውን ሰው እግር። ሽማግሌዎቹ ድጋፉን እያዩ በእጃቸው እየባረኩ አሳለፉት። ባቫዳሳን ግን አንድ እግሩን ወደ ፊት አቅርቦ ጠበቀ።

«እግሬ እዚህ ነው፣ አሊያ።»

«ከዚህ ድጋፍ በታች ምንም አይታየኝም።»

«ጎንበስ ስትል ይታይሃል።»

«ጎንበስ ማለት ሐኪም ከልክሎኛል። አንተን ላክብር ብዬ የሐኪም ቃል ልጣስ?»

«ታዲያ አሁን ሲነቀነቅ የነበረው አንገትህ ነው ወይስ እኔ ነኝ?»

«አንተ ነህ» አለ ጃታቬዳን። «እግዜር ይስጥህ።»

አግኒሻርማን ነገሩ እንዲያበቃ ፈለጉ። «አንገቱ ሲድን ይሰግድልሃል» ብለው ፈረዱ።

ዶክተር ራዚያ እንደገና ስታየው የተቆጣችው በቃላት ብቻ አልነበረም፤ ድጋፉን በጠበቀ ቀየረችው። የፈታችለት ዝናቡ እያበቃ ሲሄድ ነው። አንገቱ ድኗል፤ ፉፋል ሲለቅም ወደ ፈለገበት ያዞረዋል። ድግስ ሲኖር ግን ናንጌማ ወንድሟ እንደሚመጣና እንደማይመጣ አስቀድማ ትጠየቃለች። ይመጣል ካለች ጃታቬዳን ድጋፉን ከሣጥን ያወጣል፣ መስታወት ፊት ቆሞ ያጠልቃል፣ ሄዶም ከሽማግሌዎቹ መስመር፣ ከባቫዳሳን ቀጥሎ፣ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል። ድንቹን ለመጉረስ ትንሽ ያስቸግረዋል።